ካርዱ ላይ «ሲቪር ሄሞሮይድ» ብቻ ሲጻፍ ምን ኮድ ትሰጣላችሁ?

ካርድ_ክፍል_ካዛንቺስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል በጤና መረጃ ባለሙያነት እሠራለሁ። ካርድ ማውጣት፣ ዲያግኖሲስ ኮድ ማድረግ፣ ወርሃዊ ሪፖርት ማስገባት፣ ለኢንሹራንስ የሚሄደውን ወረቀት ማዘጋጀት የኔ ሥራ ነው።

ጥያቄዬ ስለ ፊንጢጣ ኪንታሮት ነው። ከቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል የሚመጣልኝ ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ሲቪር ሄሞሮይድ»፣ ማለትም ከባድ ኪንታሮት፣ ብቻ ነው። ከሥሩ መድኃኒት ታዟል፣ ወይም «ለኦፕሬሽን ይዘጋጅ» ይላል። ሌላ የለም። ኮድ የምናወጣበት የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መደብ፣ አይሲዲ-10 ውስጥ ደግሞ «ከባድ» የሚባል ኪንታሮት የለም። ያለው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ደረጃ ነው። ኬ64.9 ብዬ፣ ማለትም ደረጃው ያልተገለጸ ብዬ ብልከው ኢንሹራንሱ ይመልሰዋል። ኬ64.3 ብዬ፣ ማለትም አራተኛ ደረጃ ብዬ ብልከው ሐኪሙ ያላለውን እኔ አልኩ ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ሰው የኦፕሬሽን ቅድመ ፈቃድ «የበሽታው ደረጃ አልተገለጸም» ተብሎ ተመለሰ። ሰውዬው መቀመጥ አይችልም። መስኮቴ ላይ ቆሞ «እናንተ ወረቀት ታመላልሳላችሁ፣ እኔ ደም እየፈሰሰኝ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሐኪሞችም፣ ኢንሹራንስ ላይ ያላችሁም፣ የሙያ ጓደኞቼም፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሬዚደንት_ቸርችል፦

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ። ጥያቄህ ትክክል ነው። «ሲቪር» ደረጃ አይደለም።

ደረጃው የሚወሰነው ኪንታሮቱ ምን ያህል እንደሚወጣ በማየት ነው። አንደኛ ደረጃ ሊደማ ይችላል፣ ግን ወደ ውጭ አይወጣም። ሁለተኛው ሲያምጡ ይወጣና በራሱ ይመለሳል። ሦስተኛው ይወጣል፣ በእጅ ካልገፉት አይመለስም። አራተኛው በእጅም አይመለስም። በኮድ በቅደም ተከተል ኬ64.0፣ ኬ64.1፣ ኬ64.2 እና ኬ64.3 ናቸው።

ችግሩ ምን መሰለህ? አንድ ሐኪም «ሲቪር» ሲል አራተኛ ደረጃ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ወይም ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ በየቀኑ የሚደማውን ነው። ወይም ደግሞ ትናንት ማታ ድንገት አብጦ፣ ጠቁሮ፣ በሕመም ያላስተኛውን የዳር እብጠት ነው። ይሄ የመጨረሻው ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ደም የረጋበት የፊንጢጣ ዙሪያ ደም ሥር ይባላል፣ ኮዱም ኬ64.5 ነው። ሕክምናውም ይለያል። ሕመሙ ከጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ ከመጣ ቆርጦ ማውጣት ይጠቅመዋል። ቆይቶ ከመጣ ብዙ ጊዜ በማስታገሻና ለብ ባለ ውሃ በመዘፍዘፍ እየቀለለው ይሄዳል። ስለዚህ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ ተረኛው ሐኪም በምን ይወስናል?

ሌላም አለ። ደረጃ ዝቅ ያለ ማለት ቀላል ማለት አይደለም። አንደኛ ደረጃ ሆኖ እየደማ ሰውን ደም ማነስ ውስጥ የሚከት አለ። አራተኛ ደረጃ ይዞ ዓመታት የሚሠራም አለ። ደረጃው ስለ መውጣቱ ይነግርሃል። ስለ ደሙና ስለ ሕመሙ ለብቻው መጻፍ አለበት።

የድሮ_ስታቲስቲክስ፦

ልጄ፣ መጀመሪያ መደርደሪያህ ላይ ያለውን መጽሐፍ ገልጠህ የትኛው እትም እንደሆነ እይ። የዓለም ጤና ድርጅት ኪንታሮትን ድሮ በደም ሥር በሽታዎች ምዕራፍ ውስጥ አይ84 ላይ ነበር ያስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2010 እትም ነው አይ84 ተሰርዞ ወደ ምግብ መፍጫ ምዕራፍ የመጣውና ኬ64 የሆነው። አሮጌው እትም ያለበት ቤት አሁንም አለ። ከፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ እየተደረገ የሚሠራበትን አይቻለሁ።

ይህ ተራ የቁጥር ለውጥ አይደለም። አይ84 ሰውን የሚከፋፍለው በውስጥና በውጭ፣ ደም በረጋበትና ባልረጋበት ነበር። ስለ ደረጃ አይጠይቅም። ኬ64 ደግሞ ዋናው ጥያቄው ደረጃው ነው። በአሮጌው የተማረ ሐኪም «ኢንተርናል ሄሞሮይድ» ብሎ ከጻፈ በሱ ዘመን በቂ ነበር። ዛሬ ግን አንተን መንገድ ላይ ይጥልሃል። ሐኪሙን ከመውቀስህ በፊት ይህን ብታስረዳው ይሰማሃል።

አይሲዲ-11 ከ2022 ጃንዋሪ ጀምሮ በዓለም ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። እዚያም ኪንታሮት ዲቢ60 ሆኖ ደረጃው አብሮት ሄዷል። ስለዚህ ሐኪሞቻችሁን ዛሬ ደረጃ ማጻፍ ብታስለምዱ ነገም ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው ነገር፣ በግምት ኮድ አትስጥ። መቼም አትስጥ። ለኦፕሬሽን ስለተቀጠረ አራተኛ ደረጃ መሆን አለበት ብለህ ልትነሳ ትችላለህ። ሦስተኛም ለኦፕሬሽን ይቀጠራል። ካርዱን ይዘህ ሐኪሙ ጋ ሂድ። ስትጠይቀውም «አራተኛ ነው አይደል?» አትበለው። እንዲያ ካልከው ቸኩሎ «አዎ» ይልሃል። «ይወጣል ወይ? ከወጣስ በምን ይመለሳል?» ብለህ ጠይቅና መልሱን እሱ ራሱ ይጻፈው።

ክሌም_ላይ_ያለሁ፦

እኔ ኢንሹራንስ ላይ የሕክምና ክሌም፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄ፣ እገመግማለሁ። ብዙ ሰው እኛ ኮዱን ብቻ አይተን የምንመልስ ይመስለዋል። የማየው ሦስት ወረቀቶች ይስማማሉ ወይ የሚለውን ነው። ዲያግኖሲሱ፣ የሐኪሙ ማስታወሻና የተጠየቀው ሕክምና።

ለምሳሌ ኬ64.0 ተጽፎ ሙሉ ሄሞሮይዴክቶሚ፣ ማለትም ኪንታሮቱን ቆርጦ የማውጣት ኦፕሬሽን፣ ሲጠየቅ እመልሰዋለሁ። አንደኛ ደረጃ በተለመደው አሠራር በምግብ፣ በመድኃኒት፣ ካልሆነም በጎማ ቀለበት በማሰር (ባንዲንግ) ነው የሚታከመው። ያን ታልፎ ኦፕሬሽን ላይ ከተደረሰ ምክንያቱ ይጻፍልኝ። «ባንዲንግ ተደርጎለት ደሙ አልቆመም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃኛለች። ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ሲሆን ደግሞ ኦፕሬሽኑ ራሱ ጥያቄ አያስነሳም። የሚጎድለው ደረጃውን የሚያሳየው ምርመራ ነው። ቦታው እንደ ሰዓት ፊት ተቆጥሮ «በምርመራ ሦስት፣ ሰባትና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወጣ፣ በእጅ የማይመለስ» ተብሎ ከተጻፈ ያን ወረቀት ማን ይመልሰዋል?

አንድ ነገር ደግሞ እባካችሁ ለታካሚዎች ንገሩልን። መመለስ መከልከል አይደለም። «ይሟላ» ማለት ነው። እኔም ሰውዬው ቆሞ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ።

ጠቅላላ_ሐኪም_ጊዮርጊስ፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ከኛ ወገን ያለውን ስሙ። ፒያሳ አካባቢ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ጠዋት ስገባ ኮሪደሩ ሞልቷል። ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ያለኝ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሐኪም አጭር የሚጽፈው ስለማይገደው አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ምርመራው ነው። ብዙ ሰው ሱሪውን ማውረድ አይፈልግም። «ዶክተር፣ ኪንታሮት እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ቅባቱን ብቻ ጻፍልኝ» ይላል። ሴቶች ወንድ ሐኪም ሲሆን ይብስባቸዋል። ክፍሉ ውስጥ መጋረጃ የሌለበት ጊዜ አለ። የፊንጢጣን ውስጥ የምናይበት መሣሪያ፣ አኖስኮፕም ሁልጊዜ አይገኝም። ሳላይ ደረጃ እንድጽፍ ነው የምትፈልጉት?

ሬዚደንት_ቸርችል፦

ዶክተር፣ ሳያዩ ደረጃ መጻፍማ አይገባም። ግን ሳያዩ «ሄሞሮይድ» ብሎ መጻፍም አይገባም ባይ ነኝ። አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ ይህ ጉዳይ በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው።

ሰው «ደም አየሁ» ብሎ ከመጣና ካልተመረመረ እውነተኛው ዲያግኖሲስ «ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም» ነው። ኮድ አለው፣ ኬ62.5። አጠገቡም «ታካሚው ምርመራውን አልፈቀደም» ይጻፍ። ያን ያነበበ ቀጣዩ ሐኪም ገና ያልታየ ነገር እንዳለ ይገባዋል። «ሄሞሮይድ» ተብሎ ከተጻፈ ግን በቀጠሮው ቀንም፣ ከዚያ በኋላ በሚሄድበት ቤትም ሁሉም ያንኑ ቃል እየገለበጠ ይሄዳል። የሚገኘው የፊንጢጣ መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። የሬክተም ካንሰር፣ ማለትም ሲ20 የሆነም ያጋጥማል። እኛ ጋ ሲደርሱ ለረጅም ጊዜ የኪንታሮት ቅባት ሲታዘዝላቸው የቆዩ ሰዎች አሉ። ካርዳቸውን ወደ ኋላ ስታገላብጡ አንድም ቦታ ላይ በጣት የተመረመረበት ማስታወሻ አታገኙም። በጣም ያሳዝናል።

ጣት ለማስገባት ጓንትና ቅባት ይበቃል። የተገኘውንም ያልተገኘውንም መጻፍ ነው። «በጣት ምርመራ እብጠት አልተገኘም» የምትለዋ ትንሽ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

ጠቅላላ_ሐኪም_ጊዮርጊስ፦

ኬ62.5 ያልከውን ተቀብያለሁ። ከነገ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምጽፈው። አልፈቀደም የሚለውንም እጽፋለሁ።

ደም ማነስ ካለስ? ሄሞግሎቢኑ ወርዶ ላብራቶሪ ወረቀቱ ካርዱ ውስጥ ካለ ካርድ ክፍል ራሱ ኮድ አያደርገውም?

የድሮ_ስታቲስቲክስ፦

አያደርገውም፣ ዶክተር። ኮደር ከላብራቶሪ ቁጥር ተነስቶ በሽታ አይፈጥርም። እርስዎ «በቆየ የደም መፍሰስ ምክንያት የመጣ የአይረን እጥረት ደም ማነስ» ብለው ከጻፉ ዲ50.0 ይሰጠዋል። ድንገት ብዙ ደም ፈሶት ከሆነና እንደዚያ ከጻፉት ዲ62 ነው። ምክንያቱን ካላያያዙት እኛ አናያይዘውም። እርስዎም ከማያያዝዎ በፊት ደሙ ከሌላ ቦታ አለመምጣቱን ማጣራት የናንተ ሙያ ነው።

አንድ ስህተት ደግሞ በየቦታው አያለሁ። ኪንታሮት ተብሎ ደረጃ ከተሰጠው በኋላ ኬ62.5 በተጨማሪ ይጻፋል። አያስፈልግም። መድማቱ ኬ64 ውስጥ ተካቷል። ኬ62.5 ምክንያቱ ላልታወቀው ደም ነው።

ሜክሲኮ_አካውንታንት፦

እኔ ታካሚ ነኝ። ስታወሩ እያነበብኩ ነበር፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ሦስተኛ ደረጃ ነው ተብዬ ኦፕሬሽን ተቀጥሬያለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መሥሪያ ቤታችን ትንሽ ነው። የሰው ኃይል ክፍል ያሉት ሁሉ አብረን ምሳ የምንበላ ሰዎች ናቸው። የሕመም ፈቃድ ወረቀቴ ላይ ኪንታሮት ተብሎ እንዲጻፍ አልፈልግም። ሐኪሙን «ጨጓራ» ብለው ይጻፉልኝ ብለው ምን ችግር አለው? ማንንም አልጎዳሁ።

ሲስተር_ልደታ፦

ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው የምሠራው፣ የሚያፍር ሰው በየቀኑ አያለሁ። የሚያሳፍር ነገር ግን የለውም። ሹፌሩም፣ ባንክ ተቀምጦ የሚውለውም፣ የወለደችውም የሚታመመው ነው።

«ጨጓራ» እንዲጻፍልህ ግን አትጠይቅ። ያ ወረቀት ሐሰተኛ ይሆናል፣ ሐኪሙንም ያስጠይቀዋል። ለኢንሹራንስ ኬ64.2 ሄዶ ለመሥሪያ ቤት ጨጓራ ከሄደ ደግሞ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበት ቀን አለ። የኢንሹራንስ ደረሰኝህን የሚያስተላልፈው ያው የሰው ኃይል ክፍል ነው።

የሚሻለውን ልንገርህ። ለሥራ ቦታ የሚሰጥህ ወረቀት ላይ «በሆስፒታላችን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እረፍት ያስፈልገዋል» ተብሎ ቀኑ እንዲገለጽ ሐኪሙን ጠይቅ። ዝርዝሩ ካርድህ ላይ ይቆይ። ብዙ ሐኪም እሺ ይላል። ሕጉን በተመለከተ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደር ከሆነ የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለብህ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ነው። ከዚህ ኦፕሬሽን የሚያገግም ሰው በአብዛኛው ከመጀመሪያው ወር አያልፍም።

ለሙያ ጓደኞቼም አንድ ነገር ልጨምር። ታካሚ ለሐኪሙ «ያመኛል» ብቻ ይልና ወጥቶ ለኔ «ሲስተር፣ ሽንት ቤት በተቀመጥኩ ቁጥር ይወጣል፣ በእጄ ነው የምመልሰው» ይለኛል። ይህ ሦስተኛ ደረጃ ነው እኮ! እኔ በነርሲንግ ኖቴ ላይ በራሱ ቃል እጽፈዋለሁ፣ ሐኪሙንም ጠርቼ እነግረዋለሁ። ኮድ የሚወጣው ከሐኪሙ ጽሑፍ ስለሆነ እኔ ጋ ብቻ ተጽፎ ቢቀር ዋጋ የለውም።

ሜክሲኮ_አካውንታንት፦

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እንደዚያ አደርጋለሁ።

አዋላጅዋ፦

ስለ ወለዱት ከተነሳ አይቀር፣ ነፍሰ ጡር ስትሆን ኬ64 አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ከሆነ ኦ22.4፣ ከወሊድ በኋላ በአራስነት ከሆነ ኦ87.2 ነው። ካርዱ ላይ እርጉዝ መሆኗ ሳይጻፍ ኬ64 የሚሰጥ ብዙ ነው። ተመላላሽ ክፍል ያላችሁ እባካችሁ የእርግዝናውን ሳምንት ጻፉ።

የፒያሳ_ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ምሰሶ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ተስበው ባህላዊ መድኃኒት አስቀቡ። «ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን ይነቀላል» ይላል። ቦታው ተቃጠለ፣ ቆሰለ። አሁን ቁስሉ ሲድን ጠቦባቸው ሽንት ቤት መቀመጥ ሥቃይ ሆኖባቸዋል። ሐኪም ቤት ስንሄድ አባቴ አፍረው መድኃኒት መቀባታቸውን አልተናገሩም። ካርዳቸው ላይ አሁንም «ሄሞሮይድ» ነው የሚለው። ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

ሬዚደንት_ቸርችል፦

ተናገር፣ ወንድሜ። ዛሬውኑ። አባታችን ካፈሩ ከክፍሉ ወጣ ብለህ ለሐኪሙ ለብቻው ንገረው።

አሁን ያለባቸው ኪንታሮቱ ላይሆን ይችላል። ከቁስል በኋላ የሚመጣ የፊንጢጣ መጥበብ ከሆነ ኬ62.4 ነው፣ ሕክምናውም ፈጽሞ ሌላ ነው። በኪንታሮት ስም እንደገና ቆርጠው ቢያወጡላቸው መጥበቡ ሊብስ ይችላል። ማስታወሻው ላይ ምን እንደተቀባ፣ መቼ እንደተቀባ፣ ከዚያ በፊት ሰገራ መቆጣጠር ይችሉ እንደነበርና አሁንስ ይችሉ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ምን እንደሆነ ባታውቁ «ስሙ ያልታወቀ የሚያቃጥል ባህላዊ መድኃኒት» ይባል። እንዲህ ካልተጻፈ ጉዳቱ በሪፖርት ላይ ተራ ኪንታሮት ሆኖ ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው እንደሚጎዳም ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ካርድ_ክፍል_ካዛንቺስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ስታቲስቲክስ እንዳሉት እትሙን አየሁ፣ የኛ አዲሱ ነው። ከዚያ የናንተን ምክር ይዤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊያችን ጋ ሄድኩ። ደስ የሚል ሰው ነው፣ አዳመጠኝ። ረጅም ፎርም አልፈልግም አለ። አንድ አጭር አንቀጽ ተስማማንና ክፍሉ ውስጥ ለጥፈነዋል። እንዲህ ይላል፦

«ለዚህን ያህል ጊዜ የቆየ መድማት አለው ወይም የለውም። ሲያምጥ ይወጣል ወይም አይወጣም፤ ከወጣ በራሱ፣ በእጅ፣ ወይም ጭራሽ አይመለስም። በምርመራ የታየው ቦታና መጠን። በጣት ምርመራ የተገኘው። የረጋ ደም አለ ወይም የለም፤ ካለ የጀመረበት ቀንና ሰዓት። ደም ማነስ አለ ወይም የለም፣ ምክንያቱስ። ከዚህ በፊት የተሞከረ ሕክምና፣ ባህላዊውን ጨምሮ። ደረጃ።»

የጎደለ ካለ ንገሩኝ። ሁለተኛ፣ ያ የተመለሰው ሰውዬ ጉዳይ። ሐኪሙ አራተኛ ደረጃ መሆኑን በደንብ ያስታውሳል። ያኔ መርምሮታል፣ ሳይጽፈው ቀርቶ ነው። አሁን የድሮው ገጽ ላይ «አራተኛ ደረጃ» ብሎ ቢጨምርበት ይሆናል?

ሬዚደንት_ቸርችል፦

አንቀጹ ግሩም ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል ወይ የሚለውን ጨምሩበት። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሳይታወቅ ባንድ ቢደረግለት ቀለበቱ ሲወድቅ ክፉኛ ሊደማ ይችላል።

ክሌም_ላይ_ያለሁ፦

የድሮው ገጽ ላይ አይጨምርበት። በሌላ ቀለም የተጨመረ ቃል ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ሰውዬው ሕመም ላይ ስለሆነ ይጠራና ዛሬ እንደገና ይመርመር። ሐኪሙ በአዲስ ገጽ ላይ የዛሬን ቀንና ሰዓት ጽፎ «በቀድሞው ቀን ለተጻፈው ማስታወሻ ተጨማሪ» ብሎ ይጀምር። ያኔ ያየውን «ያኔ»፣ ዛሬ ያየውን «ዛሬ» ብሎ ለይቶ ያስቀምጥ። ይፈርም፣ ማኅተም ይደረግበት። የድሮው ገጽ እንዳለ ይሁን፣ ፍሉድ አይነካው። ሁለቱንም ኮፒ አድርገህ ከደብዳቤው ጋር በአንድ ላይ ላክ። እንደ አዲስ ጥያቄ አታስገባው፤ የበፊቱን የመዝገብ ቁጥር ጻፍበት፣ አለበለዚያ ወረፋ እንደገና ይይዛል።

ካርድ_ክፍል_ካዛንቺስ፦

ደውዬለታለሁ። ነገ ጠዋት ሐኪሙ ከዙር ሲወጣ ያየዋል። የመዝገብ ቁጥሩን ከተመለሰው ደብዳቤ ላይ አግኝቼዋለሁ።